በሲሀም ጆሮ ሥር ያለፈው

ትርሲት ድምፁን የሰማችው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር።

መጀመሪያ ያየችው ጓደኛዋን ሲሀምን ነው። ሲሀም እቅፍ ሙሉ ሣር እንደያዘች በድንገት ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከኋላዋ አንድ ሰው በስሟ የጠራት ይመስል። ከዚያ የዕቃ ቤቱ የጣውላ በር «ጧ!» ብሎ ተርገፈገፈ። ሣሩ ከሲሀም እቅፍ ተዘረገፈ። የመልካሙ ማሽን ግን አሁንም እየጮኸ ነው።

«መልኬ! አጥፋው! አጥፋው እንጂ!»

መልካሙ አልሰማትም። የትርሲት ታላቅ ወንድም ነው፤ እንጅባራ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያዎችንና የመሥሪያ ቤቶችን ግቢ በሣር ማጨጃ ማሽን እያጨደ ይተዳደራል፤ ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር እሷና ሲሀም የታጨደውን ሊሰበስቡለት መጥተዋል። ረጅሙን ዘንግ በማንገቻ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ የስልኩን ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ወትፎ ነበር የሚሠራው። ቀና ያለው ትርሲት እጇን እያወዛወዘች ፊት ለፊቱ ስትሮጥ ነው። ማጥፊያውን ተጫነ። ማሽኑ አልጠፋም፤ ማጥፊያው ከተበላሸ ሰንብቷል። ጎንበስ ብሎ የአየር መግቢያውን ሲዘጋው ሞተሩ ትንሽ ሳል ሳል አደረገውና ቀጥ አለ።

ግቢው በአንዴ ጭር አለ። ከቀርከሃው አጥር ውጭ ዳገቱን የሚወጣ ባጃጅ ብቻ ይሰማል።

ሲሀም እጇን ቀስ አድርጋ ወደ አንገቷ ሰደደች። ሒጃቧ ከግራ ጆሮዋ ሥር ጀምሮ እስከ ትከሻዋ ድረስ ምላጭ እንደገባበት ተተርትሯል።

«ደም አለ?» አለች።

«የለም።»

«በደንብ እይልኝ።»

ትርሲት የተቀደደውን ጨርቅ ገልጣ አየች። አንገቷ ላይ ጭረት እንኳ የለም። ጨርቁን መልሳ ልታስተካክለው ሞከረች፤ አልያዝ አላት። «የለም ሲሁ። ወላሂ የለም» አለች፤ ከሲሀም የለመደችው ቃል ሳታስበው አምልጧት።

ሲሀም ሳቀች። የእሷ ሳቅ አልነበረም፤ ቀጭንና የተቆራረጠ ነው። ሳቁ ሳያልቅ ጥርሶቿ መንቀጫቀጭ ጀመሩ፤ ወዲያው የበተነችው ሣር ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

መልካሙ ማሽኑን ከትከሻው ሳያወርድ ደረሰ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ድንጋይ ነው» አለ። ምን እንደሆነ ገና ማንም አልጠየቀውም። «ድንጋይ ነው፤ ሣሩ ውስጥ የነበረ ጠጠር መቶት ነው። ትርሲ፣ ውሃ አምጪላት፣ ቶሎ!»

የውሃው ጀሪካን ዕቃ ቤቱ በር አጠገብ ነበር። ትርሲት ሮጣ ሄደችና ጀሪካኑን ልታነሳ ስታጎነብስ በሩን አየችው። በራሷ ቁመት ልክ፣ ጣውላው ላይ የጠቆረ ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነገር ጫፉን አውጥቷል። ድንጋይ አያብረቀርቅም። በጣቷ ያዘችው፤ ትኩስ ነው። ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ሳበችው።

ሽቦ ነው። የጣት ያህል ርዝመት ያለው፣ ከብዙ ቀጫጭን ሽቦ የተገመደ የሞተር ሳይክል ፍሬን ሽቦ። የተበጠሰው ጫፉ እንደ መጥረጊያ ተበታትኗል። ጣውላውን ሰንጥቆ የገባውን ነገር መዳፏ ላይ አድርጋ አየችው። የሲሀምን አንገት አሰበች። ሽቦውን ኪሷ ከተተችው፤ ለምን እንደከተተችው አታውቅም።

ውሃውን ስታቀብላት ሲሀም በኩባያው ላይ አሻግራ አየቻት። «ድንጋዩን አገኘሽው?»

ከሲሀም ጀርባ መልካሙ ቆሟል። ትርሲትን ያያታል።

«አላገኘሁትም» አለች ትርሲት።

*

ሲሀምን በባጃጅ ወደ ቤቷ ከሸኟት በኋላ ወንድምና እህት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤት ሲደርሱ እናታቸው እንቁ ከጓሮ ድንች እየለቀመች ነበር። የሲሀም ሒጃብ በድንጋይ መቀደዱን ከትርሲት ስትሰማ የያዘችው ቅርጫት ከእጇ ወደቀና በአገውኛ ማውራት ጀመረች። እናታቸው ስትደነግጥ አማርኛው ይጠፋባታል። «የት ጋ? የቱ ጋ ነው ያለፋት?» አለች መጨረሻ ላይ። ትርሲት በራሷ አንገት አሳየቻት። እናቷ ያሳየቻትን ቦታ በመዳፏ ሸፈነችና «ድንጋይ!» አለች። «ድንጋይ እንዲህ ይሠራል!»

ትርሲት መልካሙን ተከትላ ማሽኑ ወደሚቀመጥበት ጎጆ ገባች። ሽቦውን ከኪሷ አውጥታ አሳየችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

መልካሙ በሩን መለስ አደረገ።

«ክሩ አልቆ ነው» አለ። «ሣሩን የሚቆርጠው ናይለኑ። እዚህ ከተማ የለም፤ ከባሕር ዳር ያመጣልኝ የነበረው ሹፌር መንገድ ቀየረ። ቢጠበቅ ቢጠበቅ የለም። ግቢው ደግሞ ዛሬ ይታጨድ ተብሏል።»

«ሽቦ አስገባህበት?»

«እኔ ብቻ ነኝ እንዴ? ሁሉም ነው የሚያስገባው። ቁጥቋጦ ሳይቀር ነው የሚጥለው።»

«መከላከያውስ? ያ ጥቁሩ ፕላስቲክ የት ሄደ?»

«ሽቦው እየነካው አስቸገረኝ፤ ፈታሁት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ትርሲ። ማንም አልተጎዳም። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም። ይኼን ማሽን አስወግደዋለሁ፣ ሌላ እገዛለሁ፤ በቃ፣ አለቀ። ለማንም አትናገሪ። ይኼ ነገር ከተወራ አንድም ሰው ግቢውን አይሰጠኝም።»

ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው። ስትወድቅ የሳቁባትን ልጆች አባሮ፣ ጉልበቷን ጠራርጎ እንደገና ያስቀመጣት እሱ ነው። ሲዋሽ አይታው አታውቅም፤ ወይም ሲዋሽ አላወቀችበትም። ዛሬ የቱ ይበልጥ እንዳስደነገጣት መለየት አልቻለችም፤ ሽቦው ወይስ «ድንጋይ ነው» ያለበት ፍጥነት።

*

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መልካሙ ማሽኑን ተሸክሞ ወደ መካኒኩ ወደ ፀጋው ሲሄድ አገኘችውና አብራው ሄደች። ሊያስጠግነው አስቦ ከሆነ ደስ ይላታል። አዲስ ክር፣ አዲስ መከላከያ፣ የሚሠራ ማጥፊያ ከተገጠመለት ነገሩ ሁሉ ወደ ቦታው የሚመለስ መስሏታል።

ፀጋው የሞተር ሳይክልና የውሃ ፓምፕ መካኒክ ነው። ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን የሚሽከረከረውን ጭንቅላት ፈታ። በጨርቅ ጠረገው። ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አገላበጠው። ከዚያ ሁለቱንም ጠራቸው።

«ይታያችኋል?»

ጭንቅላቱ ዘንጉ ላይ የሚታሰርበት የብረት አንገት ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ ክብ ሠርቶ ሊገናኝ የቀረው ትንሽ ነበር።

«በምን ነበር የምታጭድበት?» አለ ፀጋው።

«በክር» አለ መልካሙ።

ፀጋው ቀና ብሎ አየው። አልተከራከረውም። «ይኼ ክፍል ካልተቀየረ አይሆንም። አዲስ አበባም ይገኝ አይገኝ እንጃ። እንዲሁ ብትሠራበት ግን አንድ ቀን ጭንቅላቱ እንዳለ ተበጥሶ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ እሱ ነው የሚያውቀው።»

ትርሲት ሳታስበው ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ሸሸች። ቅዳሜ ዕለት ያለፈው የጣት ያህል ሽቦ ነው። ይኼ ጭንቅላት የሻይ ማንቆርቆሪያ ያህላል።

«በብየዳ ያዘውና ተወው» አለ መልካሙ። «የምሸጠው ነው።»

«የምትሸጠው?» ፀጋው መፍቻውን አስቀመጠ። «እኔ አልበይደውም። ሌላ ቦታ ውሰደው።»

መልካሙ ሌላ ቦታ አልወሰደውም። መንገድ ላይ ከአንድ የዕቃ መሸጫ የብረት ማጣበቂያና ትንሽ ቆርቆሮ ብርቱካናማ ቀለም ገዛ። ትርሲት ከጎኑ እየሄደች የቀለሙን ቆርቆሮ አየች።

«ማነው የሚገዛህ?»

«ገዥ አለ።»

«ማን?»

«ጋሽ ኢስማኤል» አለ፤ ሳያያት።

ትርሲት መንገዱ መሐል ቆመች። ከኋላዋ የመጣ ባጃጅ ክላክሱን እያንባረቀ ዞሯት አለፈ። ባለ ባጃጁ ምን ብሎ እንደሰደባት አልሰማችም። ጋሽ ኢስማኤል የሲሀም አባት ናቸው።

«የመስጊዱ መቃብር ቦታ ሣር ውጦታል፤ ለበጎቻቸውም ሣር ይፈልጋሉ» አለ መልካሙ በጥድፊያ። «ራሳቸው ናቸው የጠየቁኝ። ‹ድንጋይማ በማጭድም ይፈናጠራል› አሉኝ። እኔ አልለመንኳቸውም። አዲሱን ለመግዛት ከዚህ ሌላ መንገድ የለኝም፣ ገብቶሻል? የለኝም።»

«ልጃቸውን ሊገድል ነበር!»

«ቀስ በይ!» ዙሪያውን ቃኘ። «ቀስ ብለሽ አውሪ።»

*

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሲሀም ደስ ብሏት መጣች። የለበሰችው ያንኑ ሒጃብ ነው። እናቷ የተቀደደውን ሰፍታዋለች፤ ስፌቱ ከጆሮዋ ሥር ወደ ትከሻዋ ጥርት ብሎ ይታያል።

«ሰምተሻል አይደል? ማሽኑን አባቴ ሊገዛው ነው! ዛሬ ከትምህርት በኋላ እናንተ ቤት እንመጣለን። ሸዕባን ከአሁኑ ‹እኔ ነኝ የማጭደው› እያለ ቤቱን አሳብዶታል። ወንድሜን ታውቂው የለ፣ ሲካበድ! እሱ ያጭዳል፣ እኔ ከኋላው እሰበስባለሁ። አሪፍ አይደል?»

ትርሲት የያዘችውን ዳቦ ወደ አፏ ሳታደርስ መለሰችው። ዓይኗ ስፌቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አንቺ፣ አትፈሪም?» አለች።

«ምኑን?»

«ከኋላው መሰብሰቡን።»

ሲሀም ትከሻዋን ሰበቀች። «መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። ያን ቀን ማታ እናቴ ጋ ነው የተኛሁት፤ ለማንም አትንገሪ እንጂ። ግን አባቴ ‹አላህ ያተረፈውን ድንጋይ አይገድለውም› አለኝ። በቃ፣ ፈታ አልኩ።» ከዚያ ቀረብ ብላ ትኩር ብላ አየቻት። «አንቺ ግን ምን ሆነሻል? የደነገጥኩት እኔ፣ የከሳሽው አንቺ!»

ትርሲት ለመሳቅ ሞከረች። አፏ ድረስ የመጣ ነገር ነበር፤ ደወሉ ተደወለ። ደወሉ ባይደወልስ ትናገረው ነበር? ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የሚጽፉትን እያየች፣ ይኼንኑ ራሷን ስትጠይቅ ዋለች። መልሱን ስላልወደደችው ደጋግማ ጠየቀች።

*

ቤት ስትደርስ ማሽኑ ግቢው መሐል ሣር ላይ ተጋድሟል። አዲስ ይመስላል። ብርቱካናማው ቀለም ከመድረቁ በፊት እጅ እንዳይነካው መልካሙ አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ጭንቅላቱ ላይ ጥቂት ናይለን ክር፣ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ተጠምጥሟል። ስንጥቁ የት ጋ እንደነበር ትርሲት ፈልጋ አጣችው። በጣም የሚያስደነግጠው ይኸው ነበር፤ ቦታውን የምታውቀው እሷ እንኳ አጣችው።

«ሲመጡ ቤት ግቢ» አላት።

«አልገባም።»

«ትርሲት!»

«እዚሁ ነው የምቆመው። አንተ ንገራቸው። አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ።»

መልካሙ በሁለት እርምጃ ደረሰባት። ሊጮህ አፉን ከፈተ። «አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ማታ ማታ ጣራ ላይ ዓይኔን ተክዬ የማድረው እኔ ነኝ! ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያችን ልጅ ነው የማየው፤ ሣሩን ይዛ ቀጥ ስትል…» እዚያ ላይ ድምፁ ተሰበረ። ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ክንዱ ላይ የቀረው ብርቱካናማ ቀለም ግንባሩን ነካው። ትርሲት ወንድሟ እንዲህ ሲሆን አይታ አታውቅም። ልትነካው እጇን ዘረጋችና መለሰችው።

የግቢው በር ተንኳኳ።

ጋሽ ኢስማኤል ዝናብ ስላስፈራራ ካፖርታቸውን ደርበዋል። ሲሀም ከኋላቸው ናት። «እንዴት ዋላችሁ ልጆች? እናታችሁ ደኅና ናት?» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ቀድሞ ማሽኑ ላይ ነበር። «ማሻአላህ! ቀለሙን ሁሉ አድሰኸዋል እኮ! እንዲህማ ከሆነ ለምን ትሸጠዋለህ?»

ጋሽ ኢስማኤል ጎንበስ ብለው እጀታውን ያዙ፤ ክብደቱን ለመሞከር ማሽኑን ከመሬት አነሱት። ጭንቅላቱ በሲሀም እግር አቅጣጫ ዞረ። ሞተሩ አልተነሳም፤ ያም ሆኖ ትርሲት ደነገጠች። መልካሙም እንደዚያው ሳይሆን አልቀረም።

«ያስቀምጡት ጋሽ ኢስማኤል» አለ። «እባክዎ ያስቀምጡት። አይሸጥም።»

«እንዴ! ሌላ ገዥ መጣብኝ?»

ማምለጫ ነበር። «አዎ» ቢል ይበቃ ነበር፤ አመስግነው ይሄዱ ነበር። መልካሙ ትርሲትን አያት። ትርሲት ዓይኗን አልሰበረችም።

«ቅዳሜ ዕለት የተፈናጠረው ድንጋይ አልነበረም» አለ መልካሙ። «የፍሬን ሽቦ ነው። በክሩ ፋንታ ሽቦ አስገብቼበት ነበር፤ መከላከያውንም ፈትቼው ነበር። ይኼም ቀለም… ሥሩ የተሰነጠቀ ነው። በማጣበቂያ ነው የደፈንኩት።»

ጋሽ ኢስማኤል ማሽኑን በጣም ቀስ ብለው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ የተኛ ሕፃን የሚያስቀምጡ ይመስላሉ። ትርሲት ጩኸት ጠብቃ ነበር። ሰውየው አልጮሁም። «ሱብሃነላህ» አሉ ለራሳቸው። «ሱብሃነላህ።» ወደ ሲሀም ዞረው «ነይ» አሏት። መጣች። ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ከጆሮዋ ሥር ጀምረው እስከ ትከሻዋ ተከተሉት። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ያረጁ መሰሉ።

«በዚህ ማሽን ሸዕባንን ላሠማራው ነበር» አሉ። «እሷን ከኋላው።»

«አውቃለሁ» አለ መልካሙ አንገቱን ደፍቶ።

«ታውቃለህ!» አሉ።

መልካሙ ተንበረከከ። መፍቻ ከኪሱ አውጥቶ የማሽኑን ጭንቅላት መፍታት ጀመረ። ቀለሙ ገና ስላልደረቀ ጣቶቹ እየተንሸራተቱ ብዙ ታገለ። ሲወጣለት ስንጥቁ ላይ አጠገቡ በነበረው መዶሻ መታው፤ ብረቱ በአንድ ምት ለሁለት ተከፈለ። ሁሉም ደነገጡ፤ ራሱ መልካሙም ጭምር። ሁለቱን ስባሪ ጋሽ ኢስማኤል እግር ሥር አኖራቸው። «ለማንም አይሸጥም» አለ። «እስከዚያው በማጭድ እሠራለሁ። የመስጊዱንም ቦታ አጭድልዎታለሁ፤ ከፈቀዱልኝ።»

ጋሽ ኢስማኤል ስባሪዎቹን አዩ። ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። ሲሀም ግን አልተከተለቻቸውም። ትርሲትን እያየች ነው።

«አንቺስ?» አለች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«እሷ ምንም አታውቅም ነበር» አለ መልካሙ ከተንበረከከበት ፈጠን ብሎ። «አሁን ነው የሰማችው። ከእናንተ ጋር።»

ትርሲት ወንድሟን አየችው። ግንባሩ ላይ ብርቱካናማው ቀለም እንዳለ ነው። ሊከልላት ነው፤ ብስክሌት ላይ ያስቀምጣት በነበረበት ጊዜ እንዳደረገው። ዝም ብትል ይበቃል። ሲሀም ታምናለች። ነገ ጠዋት በር ላይ ትጠብቃታለች፣ አብረው ይሄዳሉ፣ ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ዝም ማለት ብቻ ነው።

የሲሀም ዓይኖች ይጠብቃሉ። ካፊያው ጀመረ።

«ቅዳሜውኑ ነው ያወቅሁት» አለች ትርሲት። «ውሃ ሳመጣልሽ። ሽቦውን ከበሩ ላይ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ስትጠይቂኝ አላገኘሁትም አልኩሽ።»

ሲሀም እጇን ወደ ስፌቱ ሰደደች። አባቷ ከበሩ ላይ ጠሯት፤ አልሄደችም። ትርሲትም ወደ ቤት ሮጣ መግባት ፈልጋ ነበር። አልገባችም። ካፊያው ፀጉሯን እያራሰው፣ ሲሀም የምትላትን ለመስማት፣ ምንም ይሁን ምን ለመስማት፣ እዚያው ቆመች።